«በሆዴ አልሸናም» ላሉ አባት፦ ስለ ስኳመስ ሴል የፊኛ ካንሰር

ጥያቄው አጠር ሲል ይህ ነው፦

«ቤታችን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። ከዓመት በላይ ሽንታቸው ደም ሲቀላቅል ቆየ። አንዱ ክሊኒክ ጠጠር ነው፣ ሌላው ኢንፌክሽን ነው እያለ መድኃኒት ሲሰጧቸው ከረሙ። በመጨረሻ ፊኛቸው በካሜራ ታይቶ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ‹ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ፣ ጡንቻ ውስጥ የገባ› ይላል። አልትራሳውንድ ላይ የቀኝ ኩላሊታቸው አብጧል፤ ክሬአቲኒን 3.1 ነው። ሐኪሙ ፊኛው ይውጣና ሽንቱ በሆድ በኩል በከረጢት ይወርዳል አለን። አባቴ ‹በሆዴ አልሸናም፤ ሶላትስ እንዴት እሰግዳለሁ?› ብለው እምቢ አሉ። ጎረቤታችን ደግሞ ዘመዳቸው ከፊኛ ካንሰር በቢሲጂ እንደዳነ ነገረችን። ለምን ለአባቴ አይሞከርም? በወጣትነታቸው ገዋኔ አካባቢ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ ጫት አሁንም ይቅማሉ። ከጫቱ ይሆን? እኛ ልጆቻቸውስ?»

እህቴ፣ ድሬ ላይ በአንቱታ ማንም እንደማይጨነቅ ስለማውቅ አንቺ እያልኩሽ ልቀጥል። ብዙ ነገር ጠይቀሻል። እኔ ግን የምጀምረው ካልጠየቅሽው ነው፤ ከኩላሊታቸው።

ክሬአቲኒን ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚጥለው ቆሻሻ ነው። በአባትሽ ዕድሜ ላለ ወንድ 1.2 ወይም 1.3 አካባቢ ሲሆን ደህና ነው እንላለን። 3.1 ብዙ ነው። አሁን አንድ ነገር ልብ በይ። ሰው ሁለት ኩላሊት አለው። አንዱ ቢታፈን ጤነኛው ሥራውን ይሸፍንለታል፤ ክሬአቲኒኑም እዚህ ድረስ አይወጣም። ስለዚህ ወረቀቱ የቀኙን ብቻ ቢጽፍም ግራውም ደህና አይደለም። ወይ እሱም መዘጋት ጀምሯል፣ ወይ ከድሮ ተጎድቶ ሟሽሿል፣ ወይ ደግሞ መድኃኒት ጎድቶታል።

መድኃኒት ካነሳሁ አይቀር፣ ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ እየተወጉ ከሆነ ዛሬውኑ ይቁም። አይቡፕሮፌንም እንደዚያው። ለኢንፌክሽን እየተባለ የሚወጋው ጀንታማይሲንም ለታመመ ኩላሊት ጠላት ነው። ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ካልበቃቸው ሐኪሙ በኩላሊታቸው አቅም ልክ ጠንከር ያለ ያዝላቸዋል። ፋርማሲ ሄዶ «የሕመም ማስታገሻ ስጡኝ» ማለት ከአሁን በኋላ የለም።

የሆነው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ። እብጠቱ የቱቦውን አፍ ሲዘጋው ሽንቱ ወደ ኋላ ይታቆራል፣ ኩላሊቱም ያብጣል። አብጦ በቆየ ቁጥር ሥራውን እየተወ ይሄዳል። የቆየ መዘጋት ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ስለዚህ የካንሰሩ ጉዳይ እስኪወሰን ድረስ የኩላሊቱን ሕክምና ማዘግየት አይቻልም። መፍትሔው ኔፍሮስቶሚ ይባላል። በአልትራሳውንድ እየታየ፣ ቦታው ብቻ ደንዝዞ፣ በጀርባ በኩል ቀጭን ቱቦ ኩላሊቱ ውስጥ ይገባል። የታቆረው ሽንት ወደ ከረጢት ይወርዳል። ከታች በኩል ቱቦ ማስገባትም አለ፤ ግን እብጠቱ አፉን ሸፍኖት ከሆነ ብዙ ጊዜ መግቢያው አይገኝም።

ቱቦው ከገባ በኋላ ሽንቱ ጎርፍ ሊሆን ይችላል። ለጥቂት ቀናት ከለመዱት እጅግ የበለጠ ሊወጣቸው ይችላል። ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን ውኃና ጨው አብሮ ስለሚሄድ ሆስፒታል ተኝተው ፖታሲየማቸውና ሶዲየማቸው መለካት አለበት። በድሬ ሙቀት ይህን ቤት ውስጥ ልቆጣጠር ብትዪ አትችዪም።

ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ካንቀጠቀጣቸው፣ ትኩሳት ከያዛቸው ግን እስኪነጋ እንዳትጠብቂ። በተዘጋ ኩላሊት ውስጥ ኢንፌክሽን ሲገባ በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ይሰራጫል። በዚያ ሰዓት አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም፤ የታቆረው መፍሰስ አለበት። በሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አሁን ወደ በሽታው። የፊኛ ካንሰር ሲባል ሰው ሁሉ አንድ በሽታ ይመስለዋል። በአብዛኛው ዓለም ከአሥሩ ዘጠኙ ዩሮቴሊያል የሚባለው ነው፤ ከፊኛው የራሱ የውስጥ ሽፋን የሚነሳ። የጎረቤታችሁ ዘመድም የዳኑት ከሱ ሳይሆን አይቀርም። የአባትሽ ሌላ ነው። ስኳመስ ሴል በአውሮፓና በአሜሪካ ከመቶው 5 ቢደርስ ነው። ቢልሃርዚያ በበዛበት አገር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግብፅ ውስጥ ለብዙ ዘመን ከፊኛ ካንሰሮች ሁሉ የሚበዛው ይሄ ነበር።

ስኳመስ ማለት የቆዳችን ዓይነት ሴል ነው። ፊኛ ውስጥ ምን ይሠራል? የግንበኛ እጅ በአካፋ ብዛት መጅ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ ፊኛም ለዓመታት ሲቆጠቆጥ ስስ ሽፋኑን ትቶ ቆዳ መሰል ሽፋን ያበቅላል። የሚቆጠቁጠው የቢልሃርዚያ እንቁላል ሊሆን ይችላል። ያልወጣ ጠጠር፣ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ወይም የማይለቅ ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ ከዚያ ሽፋን ውስጥ ካንሰሩ ይነሳል። አባትሽ ሽንታቸው ላይ ስስ ነጭ ቅርፊት አይተው ከሆነ እሱ ከዚያው ሽፋን የሚረግፍ ነው። ጠይቂያቸው፤ ብዙ ሰው አይቶ ዝም ይላል።

ይህ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጡንቻ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። መጥፎው ዜና ይሄ ነው። ጥሩ ጎንም ግን አለው። በተለይ ከቢልሃርዚያ የመጣው ወደ ሳንባና ወደ ጉበት ለመሄድ ብዙም አይቸኩልም፤ እዚያው ዳሌ ውስጥ ይቆያል። የሚገድለውም በአብዛኛው እዚያው ተመልሶ በመብቀልና ኩላሊት በመዝጋት ነው። ሐኪማችሁ «ፊኛው ይውጣ» ያለው ለዚህ ነው። ሲቲ ስካኑ ከዳሌ ውጭ ምንም ካላሳየ ይህ ለመዳን የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ጊዜ ለመግዛት ብቻ አይደለም። ግብፅ ውስጥ መንሱራ ላይ ከ1,000 በላይ ፊኛቸው የወጣላቸው ሕሙማን ተከታትለው ሲታዩ፣ ግማሽ ገደማው ከአምስት ዓመት በኋላ ከበሽታው ነጻ ነበሩ። አብዛኞቹ የቢልሃርዚያ ታሪክ የነበራቸው ናቸው። ኩላሊት ከተዘጋ በኋላ የመጣ ሰው ዕድሉ ከዚህ ዝቅ እንደሚል ግን አልደብቅሽም።

ስለ ቢሲጂ። ሕፃናት የሚከተቡት የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ራሱ ነው። ፊኛ ውስጥ ሲጨመር የሰውነትን መከላከያ ይቀሰቅስና ገና ላይኛው ሽፋን ላይ ያለ ዩሮቴሊያል ካንሰርን ያስጠቃዋል። ጡንቻ ውስጥ ለገባ አይሆንም፤ ለስኳመስ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ጎረቤታችሁ አልዋሸችም፤ የበሽታው ዓይነት ነው የተለየው። ለአባትሽ ቢሲጂ መሞከር ማለት ወራት መጣል ማለት ነው።

ኬሞም ቢሆን እንደዚያ ነው። ለዩሮቴሊያል ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞ መስጠት እንደሚጠቅም በደንብ ይታወቃል። ለንጹህ ስኳመስ ያን ያህል ማስረጃ የለውም። ዋናው መድኃኒት ሲስፕላቲን ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፤ በክሬአቲኒን 3.1 አይሰጥም። ለዚህ ነው የፓቶሎጂ (የናሙናውን ውጤት) ወረቀቱን እንደገና አንብቢ የምልሽ። «ዩሮቴሊያል ካርሲኖማ፣ ስኳመስ ባሕርይ ያለው» የሚል ከሆነ የተቀላቀለ ነው፤ የሕክምናው ቅደም ተከተልም ይለወጣል። ወረቀቱ ግልጽ ካልሆነ በሰም የተያዘውን ናሙና ከላቦራቶሪው ተቀብላችሁ ሌላ ፓቶሎጂስት ይየው። መብታችሁ ነው። የቢልሃርዚያ እንቁላል አብሮ መኖር አለመኖሩንም እዚያው ጠይቁ።

ገዋኔን መጥቀስሽ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሐኪም የት ኖርክ ብሎ አይጠይቅም። አገራችን ሁለት ዓይነት ቢልሃርዚያ አለ። እዚህ በሐረርጌ የምናውቀው የአንጀቱን ነው፤ እሱ የፊኛ ካንሰር አያመጣም። የፊኛው ዓይነት ያለባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፦ የመካከለኛውና የታችኛው አዋሽ ሸለቆ፣ የታችኛው ዋቢ ሸበሌ፣ እና በምዕራብ ኩርሙክ። ገዋኔ ከመካከለኛው አዋሽ ነው። ትሉን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚወደው ደግሞ ረግረጉን ነው። እዚያ የታጠበ፣ የዋኘ፣ ዓሣ ያጠመደ ሰው ሳያውቀው ትሉ በቆዳው ይገባል። (ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ እንዶድ ሲገድለው ያዩትም ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ነበር። መድኃኒቱ በእጃችን እያለ ረግረጉ አካባቢ ብዙ አልሠራንበትም፤ ያናድደኛል።)

ትሎቹ ፊኛ ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ተቀምጠው ለዓመታት እንቁላል ይጥላሉ። አንድ ጫፉ እሾህ ያለው እንቁላል ነው። ከፊሉ ግድግዳውን በስቶ በሽንት ይወጣል፤ ከፊሉ እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ትል በ1994 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መካከል መድቦታል። ሲጋራውም ከደሙ ነጻ አይደለም። ጫትን ግን ለዚህ አልከስሰውም። ጫት ሽንትን ያዘገያል፤ ከበርጫ በኋላ መጸዳጃ ቤት ቆሞ የሚያምጥ ሰው ሞልቷል። ደም ግን በጫት አይሳበብም። በሙቀትም፣ በጠጠርም ሳይታይ አይሳበብም። ጠጠር ድሬ ላይ የተለመደ ስለሆነ ሁሉም ደም ጠጠር ይመስላል፤ እዚህ ላይ ነው ዓመት የሚባክነው። ጎልማሳ ሰው ሳያመው ደም ከሸና፣ ደሙ በኪኒን ቢቆምም ፊኛው በካሜራ መታየት አለበት።

ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ቤት ውስጥ ምን ልታዪ ትችያለሽ? የረጋ ደም ሽንቱን ሊዘጋው ይችላል። ሆዳቸው ከእምብርት በታች ተወጥሮ ሽንት እምቢ ካላቸው ሆስፒታል ነው፤ ወፈር ያለ ባለ ሦስት አፍ ካቴተር ገብቶ በጨው ውኃ ይታጠባል። ተራ ቀጭን ካቴተር ያስገቡላቸውና ወዲያው ይደፈናል፤ ስለዚህ «ባለ ሦስት አፍ» ብለሽ ጠይቂ። ዓመት ሙሉ ደም ሲፈሳቸው ስለቆዩ የደም ማነሳቸውም ይለካ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል አታሹት፤ ለሐኪም አሳዩት።

ሌላ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ፤ ካልሲየም። ስኳመስ ካንሰር አንዳንዴ ካልሲየምን ከአጥንት የሚያስለቅቅ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ምልክቱ ጥማት፣ ድርቀት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ነው። ሲብስ ደግሞ መዘባረቅ። ድሬ ውስጥ በግንቦት «ጠማኝ፣ ደከመኝ» ያለን ሰው ማን ካልሲየም ይለካለታል? ሙቀት ነው ተብሎ ይታለፋል። አባትሽ ውኃ ጠጥተው ካልረኩ፣ ከወትሮው በላይ ከደነዘዙ ካልሲየም ይለካላቸው በይ። በደም ሥር ፈሳሽና በመድኃኒት ይወርዳል።

ወደ ቀዶ ሕክምናው። ፊኛው፣ ፕሮስቴቱና በዙሪያው ያሉ ንፍፊቶች አብረው ይወጣሉ። ሰዓታት የሚወስድ ከባድ ሥራ ነው፤ በየሆስፒታሉ አይሠራም። ከድል ጮራ ወይም ሐረር ካለው ሕይወት ፋና ሪፈር ወረቀት አውጡ። ወረፋው ረጅም ከሆነ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳንም ጎን ለጎን ሞክሩ። ውሳኔው በሳምንታት ውስጥ ነው ማለቅ ያለበት፤ ወራት አይጠብቅም። ከዚያ ከትንሹ አንጀት 15 ሳንቲሜትር ገደማ ተቆርጦ የኩላሊቱ ቱቦዎች ይሰፉበታል። ጫፉ ከእምብርት በታች በቀኝ በኩል ይወጣል። ከውጭ ከረጢት ይለጠፍበታል። ከአንጀት አዲስ ፊኛ መሥራትም አለ፤ ግን ሽንቱ እዚያ ሲቆይ አንጀቱ አሲዱን ወደ ደም ስለሚመልሰው ለደካማ ኩላሊት አይመከርም።

ከዚህ በኋላ የወንድ ብልት መቆም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ይህን አንቺ አትነግሪያቸውም፤ እሳቸውም በአንቺ ፊት አይጠይቁም። ሐኪሙ ለብቻቸው እንዲያናግራቸው አድርጊ። የብዙ አባቶች እምቢታ ከከረጢቱ ይልቅ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ከረጢቱ ራሱ ቦታው ላይ ነው የሚወሰነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቆዳቸው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረጋል። አባትሽ ሽርጥ ይለብሳሉ? እንግዲያው ለምልክቱ ሲሄዱ ሽርጣቸውን ለብሰው ይሂዱ። ተቀምጠው፣ ቆመው፣ ሱጁድ ወርደው ይታዩ። የሽርጡ ቋጠሮ የሚያርፍበት ወይም ሲጎነበሱ ቆዳው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከወጣ ከረጢቱ በየቀኑ ይፈስባቸዋል። በትክክለኛው ቦታ ከወጣ ከሸሚዝ ሥር ማንም አያውቀውም። ሲሦው ወይም ግማሹ ሲሞላ ይፈስሳል፤ መለጠፊያው በየጥቂት ቀኑ ይቀየራል። በሙቀትና በላብ ቶሎ ይለቃል፤ ስለዚህ ሐምሌ ላይ ሐረር ከሚኖር ሰው ይልቅ እሳቸው ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉ። መለዋወጫውን አስቀድማችሁ ያዙ፤ ድሬ ላይ በየፋርማሲው አይገኝም። ሽንቱ ላይ ንፍጥ መሰል ነገር ብታዪ አትደንግጪ፤ አንጀት ነውና ያመነጫል። በዓመታት ውስጥ ቫይታሚን ቢ12 ሊያንስ፣ ስፌቱ ሊጠብ፣ ከስቶማው (አንጀቱ በሆድ ቆዳ ላይ ከወጣበት አፍ) አጠገብ ሆድ ዕቃ ከቆዳ ሥር ሊገፋ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም።

ስለ ሶላቱ፣ እኔ ሐኪም ነኝ፤ ፈትዋ አልሰጥም። ግን ሽንቱን መቆጣጠር ለማይችል ሰው ማቅለያ እንዳለ፣ ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ አድርጎ እንደሚሰግድ ሼኮች ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። ከረጢት ይዘው መስጊድ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። የሚያምኗቸውን ሼክ ቤት ጋብዙና ራሳቸው ይጠይቁ። ከአንቺም ከእኔም ቃል ይበልጥ እሱ ይሰማል። ከተቻለም ከረጢት ይዞ የሚኖር አንድ ሰው ሐኪማችሁ ያገናኛችሁ።

ሁሉ ተብሎ እምቢ ካሉ ሰውነታቸው የራሳቸው ነው። ያኔም ብቻቸውን አይተዉም። የኔፍሮስቶሚ ቱቦው ኩላሊቱን ያቆያል፣ የጨረር ሕክምና ደሙን ይቀንሳል፣ ሕመሙም በአግባቡ ይታከማል። ግን እብጠቱ ሳይነቀል የሚኖራቸው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው። ይህን ሳያውቁ እምቢ እንዲሉ አልፈልግም።

ስለ እናንተ ስለ ልጆቹ። ካንሰሩ አይተላለፍም፤ አብሮ መብላት፣ ልብሳቸውን ማጠብ ችግር የለውም። በዘር የሚወረስ ነው ብዬም አልሰጋም። ከእናንተ መካከል ገዋኔ ያደገና ያንን ውኃ የነካ ካለ ግን ሽንቱን ያስመርምር። ትሉ እንቁላሉን በብዛት የሚጥለው እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሽንቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሰጥ፣ ከዚያ በፊት ትንሽ ደረጃ ወጣ ወረድ ይበል፣ የመጨረሻዋንም ጠብታ ጨምሮ ይሽና። ላቦራቶሪው ላይ «የፊኛ ቢልሃርዚያ እንቁላል ፈልጉልኝ» ብሎ በግልጽ ይንገራቸው፤ በተለመደው የሽንት ምርመራ ሊታለፍ ይችላል። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል በክብደቱ ልክ አንድ ጊዜ ይዋጣል።